የአሥራ አራተኛው ማሳ ውሃ

ቅዳሜ ማለዳ ዳልቫ የበቆሎ ኩስኩሱን ከእሳት ላይ እያወረደች ሳለ የታናሽ እህቷን ድምፅ ከራዲዮው ሰማች። የገበሬዎች ፕሮግራም ነበር። አቅራቢው ከሌላው እንግዳ ሁሉ በተለየ አክብሮት “መሐንዲስ ኢራሲ” እያለ ይጠራታል። ወይንን በትንሽ ውሃ የማልማቱ ሐሳብ እንዴት እንደመጣላት ሲጠይቃት ኢራሲ ትንሽ ሳቀች፤ ሰው ፊት ስትሆን የምትስቀው ሳቅ ነው። “አንድ ቀን በወይኑ መስመር መሃል ብቻዬን ስሄድ፣ ሐረጉ ሽቦ የሚጨብጥባቸውን ቀጫጭን ክሮች ልብ ብዬ አየኋቸው” አለች። “ውሃ የጠገበ ወይን ክሩ ከቀንበጡ ጫፍ አልፎ ይዘረጋል። ውሃ ሲያንሰው ክሩ ያጥራል፣ ይጠወልጋል። ወይኑ ሊተኛ ሲል ደግሞ ደርቆ ይረግፋል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዓይን ብቻ፣ መቼ ውሃ እንደሚያስፈልገውና መቼ እንደማያስፈልገው ማወቅ እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባኝ።”

ዳልቫ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ቃሉ የራሷ ነበር። “ልብ ብዬ አየኋቸው” የሚለው ሳይቀር የራሷ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ኢራሲ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ዳልቫ ለምትሠራበት የወይን ጠጅ ድርጅት የሥራ ፈተና ልትቀርብ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እንቅልፍ አጥታ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዳልቫ ከማሳው አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችላትና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አሳየቻት። ኢራሲ ፈተናውን አለፈች። ዳልቫም ያን ቀን ከልቧ ተደስታ ነበር። ዛሬ ግን “ብቻዬን” የምትለዋ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለቻት።

እናታቸው ዶና ዙልሚራ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ራዲዮው ዘንበል አድርገው ነበር። ቅርንጫፉ በመጣበት ቀንም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ዳልቫ ፊታቸውን አየች፤ አንድ ነገር እንዲሉ ጠበቀች። አሮጊቷ በፈገግታ እንደተሞሉ፣

“ትንሽ ከፍ አድርጊው” አሏት።

ከፍ አደረገችው። ኩስኩሱን ቆርሳ በወተት አርሳ ከፊታቸው አኖረች፤ እሷ ሳትበላ ወጣች።

የሠራተኞቹ አውቶቡስ ከፔትሮሊና ከተማ ዳርቻ ሲወጣ ፀሐይዋ ገና ብቅ እያለች ነው፤ ሙቀቱ ግን አልጠበቃትም። ከመንገዱ ግራ በፀሐይ የተቃጠለው እሾሃማ ጫካ ነው፤ ከቀኝ ደግሞ ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ ወይንና ማንጎ። በዳልቫ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፤ ትናንትም አልመጣም፤ ጠዋት ፊቷን የታጠበችው በባልዲ ነው። ይህን ከዚህ በፊት አስባው አታውቅም ማለት ይቻላል፤ የለመዱት ነገር ነዋ። ዛሬ ግን ቦዩን እያየች የኢራሲ አዲስ አፓርታማ ትዝ አላት። በወንዙ ዳር ነው፣ ዘጠነኛ ፎቅ። በረዶ ራሱ እየሠራ ብርጭቆ ውስጥ የሚጥል ማቀዝቀዣ አለው። ኢራሲ የቤቱን ምርቃት ምክንያት አድርጋ ዛሬ ምሳ ጠርታቸዋለች። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ኤልሲዮም ይመጣል። “ያቺን ሰማያዊዋን ቀሚስሽን ልበሺ፣ ዳልቪኛ” ብላታለች በስልክ ስሟን አቆላምጣ፤ ዳልቫ ሌላ ቀሚስ እንደሌላት እያወቀች ይሁን ረስታ፣ ዳልቫ መወሰን አልቻለችም።

አጠገቧ የተቀመጠችው ኔውዛ ናት፤ አብረው አሥራ ስድስት ዓመት ወይን ገርዘዋል። ክንዷን ጎሸም አደረገቻት።

“እህትሽን ራዲዮ ላይ ሰማናት። ባሌ ‘ይቺ እኮ የዳልቫን ወሬ ነው የምታወራው’ አለኝ።”

“ባልሽ ምን ያውቃል?”

“ምንም አያውቅም። ግን አንቺ ይህንን ክር ክር ስትይ ለሃያ ዓመት ያልሰማሽ ሰው አለ እንዴ? ውሻው ሳይቀር ያውቀዋል።” ኔውዛ ሳቀች፤ ዳልቫ ሳትስቅ ስትቀር ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በሌላ አገር ወይን ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ራሱ ይተኛል። በዚህ ወንዝ ዳር ግን ብርድ የሚባል የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስለሆነ ወይኑ ካላስተኙት አይተኛም። የሚያስተኛው ደግሞ የውሃ እጦት ነው። ከለቀማ በኋላ ውሃውን ይቀንሱበታል፣ ከዚያ ይከለክሉታል። ጫፉ ማደጉን ሲያቆምና ኃይሉን ወደ ግንዱ ሲሰበስብ ይገርዙታል፤ ከተገረዘ በኋላ ውሃውን ይለቁለታል፤ ያኔ ሁሉም ቡቃያ እኩል ይነቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለቀመው በዚህ ምክንያት ነው። ከመገረዙ በፊት ውሃ ካገኘ ግን ግማሹ ይነቃል፣ ግማሹ ይተኛል፤ የሰበሰበውን ኃይል በማይረባ ቅጠል ላይ ያባክነዋል። ዳልቫ ሥራዋ የእነዚህን ማሳዎች ውሃ መክፈትና መዝጋት ነው። ከመግረዝ ወደ ቫልቭ ያዛወሯት ጉልበቷ ሲያማት ነው፤ ያዛወረቻት ኢራሲ ናት፤ ይህንንም ኢራሲ ራሷ ለሰው ሁሉ ተናግራለች።

አሥራ አራተኛው ማሳ የኢራሲ የሙከራ ማሳ ነው። ከተለመደው ውሃ ግማሹን ብቻ እየጠጣ አንድ ሙሉ ወቅት ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጭራሽ አልጠጣም። ሰኞ የመስኖ ባለሥልጣኖችና ከሌላ አውራጃ የሚመጡ ወይን አምራቾች በተገኙበት ይገረዛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳልቫ በመስመሮቹ መሃል አለፈች። ክሮቹ ረግፈዋል። ጫፎቹ ቆመዋል። ወይኑ በሚያምር ሁኔታ፣ ልክ እሷ ብታስተኛው እንደምትፈልገው ሆኖ ተኝቷል። ይህን ስታይ መናደድ አልነበረባትም፤ ግን የተናደደችው ይህን ጊዜ ነው። መጥፎ ሆኖ ቢሠራ ኖሮ ትታው ታልፍ ነበር። እህቷ ከእሷ የተማረችውን አንድም ሳታጎድል፣ አሳምራ ሠርታዋለች።

ወደ ቫልቮቹ ሄደች። የአሥራ አራተኛው ቫልቭ ላይ ኢራሲ በገዛ እጇ “አትክፈቱ” ብላ የጻፈችበት ካርቶን ታስሯል። ዳልቫ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ መክፈቻውን አዞረችው። በውሃ ጎማዎቹ ውስጥ አየሩ ሲገፋ ተሰማት፤ ቀጥሎ ውሃው ከየግንዱ ሥር መንጠባጠብ ጀመረ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው አለች ለራሷ። አምስቱ ደቂቃ አለፈ። ወደ ሌላው ማሳ ሄደች፣ ሥራዋን ሠራች፣ ማጣሪያ አጠበች። በየግማሽ ሰዓቱ “አሁን ልዝጋው” ትላለች፤ ግን “ብቻዬን” የምትለዋ ቃል ትመጣባታለች። በመካከሉ አንዴ ሮጣ ሄዳ እጇን መክፈቻው ላይ አሳረፈች፤ በረዶ የሚጥለውን ማቀዝቀዣ አሰበች፣ እጇን አነሳች። የዘጋችው የቅዳሜው ግማሽ ቀን ሥራ ሲያበቃ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ያ የሁለት ቀን ውሃ ነው። ካርቶኑን ቦታው መልሳ አስተካከለችው።

ቤት ደርሳ በባልዲው ትርፍ ውሃ ታጥባ ሰማያዊውን ቀሚስ ለበሰች፤ እናቷን በታክሲ ይዛ ሄደች። ዶና ዙልሚራ ሊፍቱ ውስጥ ገብተው በመስተዋቱ ፀጉራቸውን አስተካከሉ። “ይሄ ሁሉ መስተዋት ለማን ነው?” አሉ እየኮሩ። የኢራሲ ሳሎን ከዳልቫ ቤት በሙሉ ይበልጣል። መጋረጃው እስከ መሬት ይወርዳል፤ ከመጋረጃው ማዶ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ የጁዋዜይሩ ከተማ፣ በመሃል በጀልባ የሚሻገረው ሰው። ግድግዳው ላይ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ የገባ የጋዜጣ ቁራጭ ተሰቅሏል፤ ኢራሲ በነጭ ባርኔጣ አንድ የወይን ዘለላ ይዛ። ዳልቫ ዘለላውን አየችው፤ አያያዟ ትክክል አይደለም፤ ከታች መደገፍ አለበት። ይህን በማየቷ ትንሽ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች።

የኢራሲ ባል አደልሞ በምድጃ የተጠበሰ የፍየል ሥጋ አወጣ፤ ሩዝና ማካሼይራ የሚባለው የተቀቀለ ካሳቫም ቀረበ። ዶክተር ኤልሲዮ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከአሥራ አራተኛው ማሳ ወይን የተጠመቀ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞ መጥቷል፤ ጠርሙሱ በሱቅ ሰማንያ ዘጠኝ ሬያል እንደሚሸጥ ሁለት ጊዜ ተናገረ። ዳልቫ ያንን ወይን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ጠጁን ግን ቀምሳው አታውቅም። ስትቀምሰው ጥሩ ነበር። ያም አናደዳት።

“የእህትሽ ስም ማን ነበር?” ሲል ጠየቀ ዶክተር ኤልሲዮ ኢራሲን፣ ዳልቫ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ።

“ዳልቫ። እኛው ጋ እኮ ነው የምትሠራው፣ ዶክተር።”

“እንዴ? ማሸጊያው ክፍል?”

“ውሃ ላይ ነኝ” አለች ዳልቫ። “ድርጅቱ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።”

“ሃያ ሁለት! ታዲያ ከእህትሽ ብዙ ሳትማሪ አትቀሪም” አለና ሳቀ። ዶና ዙልሚራም ሳቁ። ኢራሲ ሥጋ መቁረጥ ጀመረች፤ አልሳቀችም፣ አላረመችውምም።

ስልኳ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። ኢራሲ ወደ በረንዳ ወጣች። በመስተዋቱ በር በኩል ጀርባዋ ይታያል፤ መጀመሪያ ዘና ብሎ ነበር፣ ቀጥሎ ቀጥ አለ። አንዴ ዞር ብላ ወደ ሳሎኑ አየች፤ ማንንም ሳይሆን ዳልቫን አየች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ቀለም አልነበረም።

“ምን ተፈጠረ?” አለ ዶክተር ኤልሲዮ።

“ጥበቃው ነው። የአሥራ አራተኛው ማሳ አፈር ረጥቧል።”

ዶክተሩ ሹካውን አስቀመጠ። “ማን ነው የከፈተው? ሰኞ እኮ ነው ሰዎቹ የሚመጡት። ማን እንደሆነ አሁኑኑ ይጣራ፤ ያ ሰው ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ማሳ ላይ አይኖርም።”

ዳልቫ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች አደረገች። ኢራሲ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ናፕኪኗን አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጣጠፈች።

“እኔ ነኝ” አለች።

“ምን?”

“የከፈትኩት እኔ ነኝ። አፈሩ ጨው አብዝቶ ነበር፤ ጥቂት ውሃ ለቅቄ ልጠበው ብዬ ነበር። ሰዓቱን ዘንግቼው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።”

ዶክተር ኤልሲዮ አያት፤ ትከሻው ወረደ። “አንቺ ከሆንሽማ ምክንያት ይኖርሻል” አለ። “ለሰዎቹም እንደዚያው እናስረዳቸዋለን፤ የጨው ማጠብ ሙከራ ነው እንላለን። እንዲያውም ጥሩ ነገር ሊወጣው ይችላል።” ጽዋውን አነሳ።

ዳልቫ መዳኗ መጀመሪያ የገባት በሰውነቷ ነው፤ እግሯ ድረስ ሙቀት ወረደ። ሁለተኛው ነገር የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት እሷ ራሷ የሠራችው፣ ማንም ያላዘዛት፣ ክፉም ቢሆን የራሷ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር የዛሬው ነው። ያንንም ኢራሲ ወሰደችው፤ ወስዳም ተመሰገነችበት። ይህን ስታስብ ጠዋት ከተሰማት የባሰ ነገር ተሰማት።

“ጨው የለም” አለች።

ሁሉም ዞሩ።

“ዳልቪኛ” አለች ኢራሲ ቀስ ብላ።

“አፈሩ ላይ ጨው የለም፣ ዶክተር። አሸዋ ነው፣ ጨው አይዝም። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቼ ከሰዓት ሊሆን ሲል ዘጋሁት። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።”

“ለምን?” አለ ሰውዬው። በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ስላልገባው ነበር።

“እህቴ ራዲዮ ላይ የተናገረችውን ያሳየኋት እኔ ስለሆንኩ። እሷ ‘ብቻዬን’ አለች። ቀናሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።” ቃላቱን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው። “አሁን ማወቅ ያለብዎት ግን ይህን ነው፦ ሰኞ እንዳትገርዙት። ሰኞ ከገረዛችሁት ግማሹ ይነቃል፣ ግማሹ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ምርት ይበላሻል። አሸዋው ውሃውን ቶሎ ይለቃል። ዝናብ ካልመጣ በአሥር ቀን ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ያኔ ግረዙት።”

ዶክተር ኤልሲዮ ወደ ኢራሲ ዞረ። “እውነቷን ነው?”

የትኛውን እንደጠየቀ ግልጽ አልነበረም። ኢራሲ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች።

“አሥር ቀን ትክክል ነው” አለች።

“ሌላውስ?”

“ሌላውም።”

አደልሞ የወይን ጠጁን ጠርሙስ አንስቶ የማንን ጽዋ እንደሚሞላ ሳያውቅ መልሶ አስቀመጠው። ዶና ዙልሚራ ሁለቱን ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ።

“ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው” አሉ።

ዶክተር ኤልሲዮ ቡና ሳይጠጣ ሄደ። በሩ ላይ ለዳልቫ ሰኞ ቢሮ እንድትመጣ ነገራት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት። አሮጊቷ ሶፋው ላይ ተኙ፤ አደልሞ የሆነ ነገር ልገዛ ብሎ ወጣ። ሁለቱ እህትማማቾች ወጥ ቤት ገቡ። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ነበር፤ ዳልቫ ግን በእጇ ማጠብ ጀመረች፣ ኢራሲም ማድረቂያ ጨርቅ አነሳች። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው በኃይል ወረደ።

“ላድንሽ ነበር እኮ” አለች ኢራሲ።

“አውቃለሁ።”

“ከሥራ ያባርርሽ ነበር። አሁንም ሊያባርርሽ ይችላል።”

“አውቃለሁ አልኩሽ።”

“ታዲያ ምን ነካሽ?”

ዳልቫ ሳህኑን አዙራ ጀርባውን አጠበች። “ጥፋቴን እንኳ ተይልኝ፣ ኢራሲ።”

ኢራሲ ጨርቁን አስቀመጠች። “አምስት ዓመት ተማርኩ” አለች፣ ወደ እህቷ ሳትዞር። “አምስት ዓመት። ከዚያ አንቺ ቅርንጫፍ በጨርቅ ጠቅልለሽ መጣሽ። በየዓመቱ አንድ ነገር አገኘሁ ብዬ ሳስብ፣ አንቺ ቀድመሽ ታውቂው ነበር። የኔ የምለው ምን አለ? ‘ብቻዬን’ ስል ምን እንደሚመስል መስማት ፈልጌ ነው። ደስ ይል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ያህል።”

ዳልቫ ይህን አልጠበቀችም። የመጨረሻውን ሳህን አቀበለቻት፤ ኢራሲ ተቀብላ አደረቀችው።

ሰኞ ዳልቫን ለአሥራ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ ከሥራ አገዷት። የቫልቮቹን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሰጡት። ያልተባረረችው ኢራሲ ቢሮ ገብታ ስለተከራከረችላት ነው የሚሉ አሉ፤ ዶክተር ኤልሲዮ የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛ ማባረር ምን ያህል እንደሚያስወጣው አስልቶ ነው የሚሉም አሉ። የእንግዶቹ ቀጠሮ ተራዘመ። ማሳው በአሥረኛው ቀን ተገረዘ፤ ቡቃያው ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ ሲዛነፍ ሌላው እኩል ነቃ።

ዳልቫ ስትመለስ ቀንበጥ ሽቦ ላይ ከሚያስሩት ሴቶች ጋር መደቧት። ጉልበቷ ያማታል፤ ኔውዛ ግን ከአጠገቧ ናት፤ ወሬዋ ቀኑን ያሳጥረዋል። በሦስተኛው ቀን ኢራሲ አዲስ የተቀጠሩ ሦስት ባለሙያዎችን ይዛ በመስመሩ መጣች። ወጣቶች ናቸው፤ ጫማቸው ገና አልቆሸሸም። ዳልቫ አጠገብ ሲደርሱ ኢራሲ ቆመች።

“ወይኑ መቼ ውሃ እንደሚጠማው የጠየቃችሁኝን እሷን ጠይቋት” አለቻቸው። “እኔም የተማርኩት ከእሷ ነው።”

ኔውዛ እጇን ከሽቦው ላይ ሳታነሳ ጆሮዋን አቀናች። ዳልቫ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ከዚያ አንድ ቀንበጥ በጣቶቿ መሃል ይዛ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ እየቆየ ግን ከፍ አለ። ወጣቶቹ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ከእነሱ አንዷ፣ መነጽር ያደረገችው፣ እየጻፈች ድንገት ቀና ብላ ዳልቫን ሳይሆን ኢራሲን አየች፤ የሚባለው ነገር ትክክል መሆኑን ልታረጋግጥ። ኢራሲም በትንሹ ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቷ መጻፏን ቀጠለች።

ዳልቫ አየቻቸው። የራዲዮው ቀን ቅናት መለስ አለባት፤ ኔውዛም አይታ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዳልቫ ግን ቀንበጡን አልለቀቀችም። ልጅቷን በእጇ ጠራቻት።

“ነይ ወደዚህ ቅረቢ” አለቻት። “ደብተሩን ተይውና በጣትሽ ንኪው።”